ትንሹ ሥዕልና የስምጥ ሸለቆ ብርሃን

(ለሠዓልያን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




የዚህ ንግግር ርእስ ስለ ትንሽ ነገር ነው። ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ሸራ ወይም ኮምፔርሳቶ፣ በላዩም አንድ ጀበናና ሁለት ስኒ፣ አለዚያም ከአዋሽ ማዶ የሚታይ አንድ ኮረብታ፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለበትም። እንዲህ ያለው ሥዕል በኤግዚቢሽን አዳራሽ ከትልልቆቹ አጠገብ ሲሰቀል ተመልካች ብዙም ሳይቆምበት ያልፈዋል፤ የሠራው ሰው ራሱም ብዙ ጊዜ «ልምምድ» እያለ ነው የሚጠራው። ይሁን እንጂ ትንሹ ሥዕል የትልቁ መለማመጃ ብቻ አይደለም። ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆና በአዳማ በኩል እስከ መተሐራ፣ በሌላውም አቅጣጫ በመቂና በባቱ በኩል እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ ምድር ለሚሠራ ሠዓሊ ከሌላው ሁሉ የሚስማማውና በዚህ ዘመን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያስቸኩለው የሥዕል ዓይነት እርሱ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት አስቀድሞ ስለ ማዕርጉ፣ ቀጥሎ ስለ ብርሃኑና ስለ ዕቃው፣ በመጨረሻም ስለ ምድሪቱ መለወጥ መናገር ያስፈልጋል።

ስሙና ማዕርጉ

ግዑዛን ነገሮችን ለይቶ የሚያሳየው የሥዕል ዓይነት በፈረንሳይኛ «የሞተ ተፈጥሮ» ሲባል፣ በሆላንድኛ «ጸጥ ያለ ሕይወት» ይባላል። እንግሊዝኛው «ስቲል ላይፍ» የተወረሰው ከሆላንዱ ሲሆን የአገራችን የሥዕል ተማሪም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ሁለቱ ስሞች የሁለት አስተያየቶች ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያው ጀበናን ነፍስ የሌለው ዕቃ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለተኛው ጀበናው ዝም ብሎ ተቀመጠ እንጂ አልሞተም ባይ ነው።

ለረዥም ዘመን ያሸነፈው የመጀመሪያው አስተያየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1667 አንድሬ ፌሊቢየን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሓፊ የሥዕል ዓይነቶችን በማዕርግ ሲደረድር፣ ታላላቅ ሰዎችንና ታላላቅ ድርጊቶችን የሚያሳየውን የታሪክ ሥዕል ከሁሉ በላይ አስቀመጠ። ፍራፍሬና አበባ የሚሥለውን በመጨረሻው እርከን ላይ፣ መልክዐ ምድር የሚሥለውን ደግሞ ከእርሱ አንድ እርከን ብቻ ከፍ አድርጎ መደበው። ይህ ንግግር የሚመለከታቸው ሁለቱ ዓይነቶች እንግዲህ በዚያ መሰላል ላይ የታችኛውን ስፍራ የያዙ ናቸው። ነገር ግን በሚቀጥለው ምእተ ዓመት ዣን ሲሜዎን ሻርዳን (እ.ኤ.አ. 1699-1779) የተባለው የፓሪስ ሠዓሊ ከዕድሜው ብዙውን የመዳብ ድስት፣ የውሃ ብርጭቆ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዓሣ ሲሥል አሳለፈው። በዚያ ዘመን በሰፋፊ ሸራ ላይ ከተሣሉት የጦርነትና የአማልክት ሥዕሎች ብዙዎቹ ዛሬ የሚታወሱት በባለሙያዎች ዘንድ ብቻ ነው፤ በሻርዳን ድስት ፊት ግን ተመልካች እስከ ዛሬ ይቆማል።

በአገራችን የነበረው ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። ግዑዝ ነገርና መልክዐ ምድር በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ የተናቁ አልነበሩም፤ ራሳቸውን የቻሉ ግን አልነበሩም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የመጨረሻው እራት ሲሣል ገበታው፣ ኅብስቱና ጽዋው በቦታቸው ይገኛሉ። በንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕልም የግብሩ ማዕድ ከነመጠጫው ይታያል። ዕቃው ግን የታሪኩ አገልጋይ ነበር። መልክዐ ምድሩም እንደዚሁ ነው። በጎንደር ዘመን መጀመሪያ ከቅዱሳኑ ጀርባ የሚታየው አንድ ወጥ ቀለም ነበር፤ በዐሥራ ስምንተኛው ምእተ ዓመት ደግሞ ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ የሚለወጥ ሆነ። የሚያሳየውም የተወሰነ ኮረብታ ወይም የተወሰነ ወንዝ ሳይሆን የቅድስናን ስፍራ ነው።

ትንሽነት ግን ለኢትዮጵያ ሥዕል ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአንገት የሚንጠለጠሉት፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱና የሚዘጉት ትንንሽ የእንጨት ሥዕሎች በመዳፍ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። በብራና መጻሕፍት ገጽ ላይ ያሉትም፣ በክታብ ላይ የሚሣሉትም ተመልካቹን ወደ ራሳቸው የሚያቀርቡ እንጂ ከሩቅ የሚታዩ አይደሉም። ስለዚህ በአገራችን ሥዕል በመጠኑ አንሶ በክብሩ ያልጎደለበት የብዙ መቶ ዓመታት ልማድ አለ። ትንሽ ሥዕል የሚሠራ የዛሬ ሠዓሊ ከውጭ አገር ብቻ የተቀዳ ነገር ይዟል ማለት ትክክል አይሆንም።

የዘመናዊው ትምህርት መስመር የተዘረጋው ደግሞ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። መሥራቹ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱት አቶ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስማቸው የሚጠራ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው። እንደ ማንኛውም የዓለም የሥዕል ትምህርት ቤት ሁሉ ተማሪ ጨርቅና ማሰሮ ተደርድሮለት ብርሃንንና ጥላን መለየት ይማራል። ችግሩ ብዙው ተማሪ ሲመረቅ ማሰሮውን ከትምህርት ቤቱ ጋር ትቶት መውጣቱ ነው። ለዚህም ምክንያት አልታጣም። ዘመኑ ታላላቅ ሥራዎችን ይጠይቅ ነበር። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ሥዕል ሠሩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ረቂቁን ሥዕል ወደ አገሪቱ አስገብተው ለብዙ ዓመታት የቆየ ክርክር አስነሡ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ ፖስተሩና ሐውልቱ የሠዓሊውን እጅ ወሰዱት። በዚህ ሁሉ መካከል ጀበናውና ኮረብታው ተራቸውን ሲጠብቁ ቆዩ።

የቢሾፍቱ ምሳሌ

በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ከዋና ከተማው ርቆ መሥራት እንደሚቻል በገሃድ ያሳዩት ሠዓሊ ለማ ጉያ (1921-2013 ዓ.ም.) ናቸው። በቢሾፍቱ አካባቢ ተወልደው፣ በዚያው በአየር ኃይል አገልግለው፣ ሥራቸውንም ሙዚየማቸውንም በዚያችው ከተማ አደረጉ። ከሁሉ ይበልጥ የታወቁበትም በፍየል ቆዳ ላይ የሚሥሉት ሥዕል ነው።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የቆዳው ነገር ነው። ሸራ እንደተፈለገ ይሰፋል፤ የፍየል ቆዳ ግን ከፍየሏ አይበልጥም። ሠዓሊው መጠኑን የሚቀበለው ከእንስሳው ነው። ቆዳው ራሱም መልክ ስላለው ሥራው ከነጭ ሸራ ሳይሆን ከዚያ መልክ ይነሣል። ብራና ፋቂውም ከጥንት ጀምሮ የሚያዘጋጀው የፍየል ቆዳ ነው። ከቢሾፍቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ሲባል ያለችው ሞጆም በቆዳ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ናት። እንግዲህ የለማ ጉያ ምርጫ የአካባቢውን ዕቃ፣ የአካባቢውን ሙያና የጥንቱን የብራና ልማድ በአንድ ላይ ያገናኘ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሠዓሊ ሁሉ በቆዳ ላይ ይሣል የሚል አይደለም። አካባቢው የሚሰጠውን መጠንና ዕቃ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መነሻ የተቀበለ ሠዓሊ የራሱን መንገድ ያገኛል የሚል ነው።

ብርሃኑ የሚወስነው መጠን

ከቢሾፍቱ ወደ አዳማ ሲወረድ አየሩም ብርሃኑም ይለወጣል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በጥቂቱ ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። ስፍራዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስምንት ዲግሪ ተኩል ገደማ በመሆኑ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መግቢያና በነሐሴ መጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ በትክክል ከአናት በላይ ትውላለች። በእነዚህ ወራት በቀትር ላይ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ነው። የኮረብታው ጎንና ጎን አይለይም፤ ግራሩም ክብነቱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ይመስላል። ለሠዓሊ የሚሆኑት ሰዓታት እንግዲህ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያሉት ናቸው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም የሚቀረው ውጋጋን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በሰሜን አውሮፓ የበጋ ምሽት ለረዥም ሰዓት በአንድ ብርሃን የሚሥለው ሰው ያለው ትርፍ ጊዜ በአዳማ የለም።

ትንሹ ሥዕል ለዚህ ምድር የሚስማማበት ዋናው ምክንያት ከዚህ ላይ ይገኛል። ሁለት ሰዓት በሚቆይ ብርሃን ሁለት ክንድ ሸራ ሊሸፈን አይችልም። በሚቀጥለው ቀን ለመጨረስ የተመለሰ ሠዓሊ ሌላ አየር፣ ሌላ አቧራ፣ ሌላ ጥላ ይጠብቀዋል። ሥዕሉም የሁለት ቀን ጠዋት በአንድ ላይ የተደባለቀበት፣ የየትኛውም ቀን ያልሆነ ነገር ሆኖ ይቀራል። በአንድ ስንዝር ተኩል ኮምፔርሳቶ ላይ የሠራው ግን ከመቀመጫው ሳይነሣ ይጨርሳል። የቀለሙም፣ የጥላውም፣ የአየሩም ሰዓት አንድ ይሆናል።

ሥራውን ከቤት ውጭ ማድረግም ቀላል የሆነው በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ የቀለም ማስቀመጫ የቆርቆሮ ቱቦ እስከ ፈጠረበት ጊዜ ድረስ የዘይት ቀለም ይያዝ የነበረው በአሳማ ፊኛ ነበር። ቱቦው ቀለምን ወደ ሜዳ አወጣው። የአዳማ ሜዳ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ሰፊ ሸራ እንደ ሸራ መርከብ ይገፋል፤ ያልደረቀ የዘይት ቀለምም አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። በጉልበት ላይ የሚያዝ፣ ክዳኑ የሥዕል ማቆሚያ፣ ሆዱ የቀለም ማስቀመጫ የሆነ ትንሽ ሣጥን፣ አንድ ጠርሙስ አኳራጅ፣ ሦስት አራት ብሩሽ፤ ነፋሱ የሚፈቅደው የሥራ ዕቃ ይህን ያህል ነው።

ትንሹ ስፋት በሠዓሊው አሳብ ላይ የሚያደርገው ጫናም አለ። ዝርዝር የሚገባበት ቦታ ስለሌለ በቅድሚያ መወሰን ያለበት የሦስት ነገሮች ግንኙነት ነው፤ የሰማዩ፣ የኮረብታው፣ የመሬቱ። በደጋ ለሠራ ሰው ሰማይ ብሩህ፣ መሬት ጨለማ መሆኑ የተለመደ ነው። በበጋ ወራት በአዳማ ዙሪያ ግን አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ገርጣ ያለ በመሆኑ ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል፤ አየሩ በአቧራ ስለሚታጠንም ሰማዩ ሰማያዊ ሳይሆን ወደ ነጭነት ያደላ ነው። መሬቱና ሰማዩ በብርሃን መጠናቸው ሊቀራረቡ፣ አልፎ አልፎም መሬቱ ሊበልጥ ይችላል። የቦሰት ተራራም በመካከላቸው እንደ ጢስ ስሱ ሆኖ ይታያል። ይህን ከልማድ ሳይሆን ከዐይኑ የተቀበለ ሠዓሊ የሥዕሉን ስም ሳይጽፍ ቦታው ይታወቃል።

ስለ ውሃም እንደዚሁ ነው። ተማሪ ውሃን ሁሉ በሰማያዊ ቀለም መሥራት ይቀናዋል። ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ያሉት ሐይቆች ግን ይህን ልማድ በአንድ ቀን ሊያስጥሉት ይችላሉ። ላንጋኖ በውስጡ በተንሳፈፈው ደለል የተነሣ ቀይ ቡናማ ነው። ከጎኑ ያለው አቢያታ ጥልቀት የሌለውና ዳርቻው በሶዳ የነጣ ነው። ሻላ ደግሞ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ በመሆኑ ቀለሙ የከበደና የጠቆረ ነው። በቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሠዓሊው ከአፋፉ ላይ ሆኖ ወደ ታች ስለሚመለከት ሰማይ ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ በውሃው ውስጥ ይታየዋል። የአድማሱን መስመር የት ላኑረው የሚለው የመጽሐፍ ጥያቄም ያኔ ትርጉም ያጣል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ

ቀትር ሲሆንና ብርሃኑ ሲጠነክር ሠዓሊው ወደ ቤት ይገባል። የግዑዛን ነገሮች ሥዕል ሰዓቱ ይህ ነው። በጣሊያን አገር የቦሎኛው ጆርጆ ሞራንዲ (እ.ኤ.አ. 1890-1964) ከእኅቶቹ ጋር በሚኖርበት ቤት፣ መኝታውም የሥራ ክፍሉም በሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ እነዚያኑ ጠርሙሶች፣ ጣሳዎችና ማሰሮዎች እያፈራረቀ ሲሥል ኖረ። በበጋ ወራትም በግሪዛና መንደር ዙሪያ ያሉትን ኮረብታዎችና ቤቶች ይሥል ነበር። አብዛኞቹ ሥዕሎቹ ከግማሽ ሜትር አይበልጡም። የተደነቀውም ብዙ ዕቃ ስላሳየ ሳይሆን በሁለት ጠርሙሶች መካከል ያለውን ክፍተት የማንም ዐይን ባላየው ትክክለኛነት ስላየ ነው። ከዚህም ሌላ ጠርሙሱንና ኮረብታውን በአንድ ዐይን መመልከቱ ሁለቱ የሥዕል ዓይነቶች በእውነቱ አንድ መሆናቸውን ያስረዳል። በጠረጴዛ ላይ የቆመ ማሰሮም በሜዳ ላይ የቆመ ኮረብታም ብርሃን የሚቀበል አንድ ጎን፣ የሚነፈገው ሌላ ጎን፣ መሬት ላይ የሚጥለውም ጥላ አለው።

በአዳማ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ምንድር ነው? ጀበናና ስኒ አለ፤ እነዚህ በየሥዕሉ የታወቁ ናቸው። ከመቂና ከባቱ የመጣ ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት፣ በሳህን ላይ የተጋደመ የባቱ ሐይቅ ቆሮሶ፣ ከወንጂ ማሳ የመጣ የሸንኮራ አገዳ ቁራጭ፣ በአዋሽ ሸለቆ የተመረተ የመርቲ ቲማቲም ድልህ ባዶ ጣሳ፣ ከአርሲ በኩል የመጣ የወተት ጮጮ፣ በመጨረሻም ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካን አለ።

ጀሪካኑ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ውሃ የምትቀዳ ሴት በብዙ ሥዕሎች ላይ እስከ ዛሬ እንስራ ተሸክማ ትታያለች። በስምጥ ሸለቆ መንገዶች ዳር ግን የሚታየው ቢጫ ጀሪካን ነው፤ በጀርባ፣ በአህያ፣ በጋሪ ይጓዛል። ሠዓሊው እንስራውን የሚመርጠው ስለሚያምር ነው ይባላል። ነገር ግን የእንስራው ውበት በአንድ ዘመን በዐይናቸው ባዩት ሰዎች የተገኘ ውበት ነበር። የዛሬው ሠዓሊ ያን ውበት ከሌሎች ሥዕሎች ሲገለብጥ ማየቱን ትቶ ማስታወስን፣ ከዚያም መድገምን ይይዛል። ቢጫው ጀሪካን ከጭቃ ግድግዳ አጠገብ በጠዋት ብርሃን ሲቀመጥ ቢጫው ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ በሚያሳልፈው ብርሃን ውስጥ የውሃው ከፍታ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል። ይህም ሊሣል የሚገባው ውበት ነው፤ እስካሁን ግን ዞር ብሎ ያየው ሠዓሊ ጥቂት ነው።

በየከተማው ዋና መንገድ ዳር ለሽያጭ የሚቀርቡት መልክዐ ምድሮችም በሽታቸው ይኸው ነው። የሣር ጎጆ፣ ዣንጥላ የመሰለ ግራር፣ ብርቱካናማ የፀሐይ መጥለቂያ በአንድ ላይ ይደረደራሉ። ሥዕሉ ቦታ የለውም፤ ሰዓት የለውም፤ ከመቂ ይሁን ከሌላ አገር አይታወቅም። ገዥ ስለሚፈልገው ይሠራል፤ ሌላ ስላልቀረበለት ገዥው ያንኑ ይፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ሠዓሊው አንድ ጠዋት ወጥቶ ያየውን አንድ ነገር በትንሽ ሸራ ይዞ መመለሱ ነው።

ምድሪቱ አትጠብቅም

ይህ ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነገ ማሳደር ይቻል ነበር። የሚያስቸኩለው ግን የስምጥ ሸለቆ መልክዐ ምድር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እየተለወጠ መሆኑ ነው።

ለውጡ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የአዳማ ስም ራሱ ለዚህ ምስክር ይሆናል፤ በኦሮምኛ ቁልቋልን ከሚያመለክተው ቃል እንደመጣ ይነገራል። ከተማዋ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። የቁልቋሉ ሜዳ ግን በስሟ ውስጥ ቢቀርም ከአብዛኛው ከተማ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተከፍቶ ደረቁ ሜዳ አረንጓዴ የሸንኮራ ማሳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960 የቆቃ ግድብ ተፈጽሞ ሸለቆው ሐይቅ ሆነ። እነዚህ ከመሆናቸው በፊት በዚያ ተቀምጦ የሣለ ሰው ቢኖር ሥራው ዛሬ ምን ያህል በተፈለገ ነበር!

በዚህ ትውልድ ዐይን ፊት የሚሆነው ደግሞ ከዚያ የፈጠነ ነው። የአቢያታ ሐይቅ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከስፋቱ ከግማሽ በላይ አጥቷል። ከባቱ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ይደርሰው የነበረው ውሃ ለመስኖ ሲወሰድ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ሲቀዳ ዳርቻው ወደ ኋላ ሸሸ። ቀድሞ ውሃ የነበረበት ስፍራ ዛሬ የነጣ ሜዳ ነው። በዙሪያው የነበረው የግራር ደንም ለከሰል ሲቆረጥ ሳሳ። ሠዓሊ ንድፉን የሚያወጣበት ከሰልና በመንገድ ዳር በጆንያ የሚሸጠው ከሰል ሁለቱም ከዛፍ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በተቃራኒው ያድጋል። ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስፋቱ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከአርባ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የግጦሽ መሬት ውጧል፤ የመኪናውን መንገድና የድሮውን የባቡር ሐዲድም አስቸግሯል። አንዱ ሐይቅ ሲጎድል ሌላው ሲሞላ የሁለቱም ዳርቻ እንደ ትናንቱ አይገኝም።

በአዳማ አፋፎች ላይም እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያዎቹ 34፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ተጨማሪ 102 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማዎች ቆመዋል። ሸራን የሚገለብጠው ነፋስ መብራት ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሠዓሊ ኮረብታውን ሲሥል ማማዎቹን ይተዋቸዋል፤ ወይም ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። በባቱ ዙሪያ ያሉትን የአበባ እርሻ የፕላስቲክ ቤቶችም እንደዚሁ ያልፋቸዋል። ነገር ግን ነጭ ማማ በደመና ቀን ከሰማዩ የጠቆረ፣ ደመናው ከኋላው ሲጠቁርና ፀሐይ ሲያርፍበት ከሰማዩ የነጣ መሆኑን ለማየት የሚችለው ሠዓሊ ካልሆነ ማን ነው? የሚያምረውን ብቻ መርጦ የተቀረውን የሚፍቅ ሥዕል ለሚመጣው ትውልድ የሐሰት ምስክር ይሆናል።

«ለዚህስ ፎቶግራፍ አይበቃምን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ፎቶግራፍ የሐይቁን ስፋት ከሥዕል በተሻለ ይመዘግባል፤ ሳተላይት ደግሞ ከፎቶግራፍ ይበልጣል። ሥዕል የሚመዘግበው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ከብዙው ነገር የትኛውን እንዳስቀረ፣ የትኛውን እንደተወ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ ዐይኑን እንደያዘው ይናገራል። ያን ሁለት ሰዓት ለአቢያታ ዳርቻ የሰጠ ሰው የሐይቁን መጉደል በቁጥር ብቻ አያውቀውም፤ ሥዕሉን የሚያየውም ሰው እንደዚሁ ይሆናል። ለምድር መጨነቅ የሚጀምረው ምድርን ለይቶ ከማወቅ ነው፤ ለይቶ ማወቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ከማየት ነው።

«ትንሽ ሥዕል አያበላም» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። ሥዕል በስፋቱ በሚዋጋበት ገበያ የአንድ ስንዝር ሥራ የአንድ ስንዝር ዋጋ ብቻ ያገኛል። ይህን ሠዓሊ ብቻውን አይለውጠውም፤ የማኅበር ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ትንሹ ሥዕል የራሱ ገዥ ሊኖረው እንደሚችል መታሰብ አለበት። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባቡር ሠራተኛው፣ የፋብሪካው ጸሓፊ በትልቅ ሸራ ፊት ዋጋውን ሰምተው ይሄዳሉ። የሚያውቁትን የወንጂን ቦይ ወይም የገዛ ሰፈራቸውን ኮረብታ የያዘውን ትንሽ ሥዕል ግን ከአልጋቸው ራስጌ ሊሰቅሉት ይችላሉ። ሥዕል ከሆቴል አዳራሽ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባበት በር ይኸው ነው።

ሊደረግ የሚገባው

ከዚህ በመነሣት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚሠሩ ሠዓልያን ሦስት ቀላል ነገሮች ሊመከሩ ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ሥዕል ጀርባ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ ነው፤ ይህ ሳይጻፍ የቀረ ሥዕል የምስክርነቱን እኩሌታ ያጣል። ሁለተኛው፣ በየዓመቱ በዚያው ወር ወደዚያው ስፍራ ተመልሶ እንደገና መሣል ነው። በአቢያታና በበሰቃ ዳርቻ የተሠሩ አሥር የአሥር ዓመት ትንንሽ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ አንድ ትልቅ ሥዕል ሊለው የማይችለውን ይላሉ። ሦስተኛው፣ ሥዕሉን አስቀድሞ በተሣለበት ከተማ ማሳየት ነው፤ በባቱ የተሣለውን የባቱ ዓሣ አጥማጅ፣ በመተሐራ የተሣለውን የመተሐራ ከብት አርቢ ይየው። ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ብሎ ለመፍረድ ከእነርሱ የሚሻል ዳኛ የለም።

ለማኅበሩ የሚቀረው ድርሻ ደግሞ በዓመታዊው ኤግዚቢሽን ለትንንሽ ሥዕሎች የተለየ ግድግዳ መስጠት ነው። ከትልልቆቹ መካከል እንደ መሙያ ሳይሆን በዐይን ትክክል፣ ተመልካች ቀርቦ እንዲያያቸው ሆነው ይሰቀሉ። ዋጋቸውም በስንዝር ሳይሆን በሥራቸው እንዲተመን መከራከር የማኅበሩ ተግባር ነው።

የቆቃ ሸለቆ ሐይቅ ከመሆኑ በፊት የነበረውን መልክ በትንሽ ሸራ ላይ ፈልጎ ማየት የሚወድ ሰው ዛሬ ብዙ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የዛሬውን አቢያታ፣ የዛሬውን የአዳማ ኮረብታ፣ በዛሬው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቢጫ ጀሪካን ለማየት የሚፈልግም ይኖራል። ያ ሰው ፈልጎ እንዲያገኝ ወይም ፈልጎ እንዲያጣ የሚያደርገው የዚህ ዘመን ሠዓሊ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከቤቱ መውጣቱ ወይም አለመውጣቱ ነው።